ጀርባውን ገልብጦ ማንበብ

የኩርድ ሴቶች የሠሯቸው ጥንታዊ ምንጣፎች ለረጅም ጊዜ በሌላ ስም ሲሸጡ ኖረዋል። የሚሰበስባቸው ሰው ከሁሉ በፊት ስማቸውን የመመለስ ኃላፊነት አለበት።

በአውሮፓና በአሜሪካ ምንጣፍ ሰብሳቢዎች ቤት ግድግዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ አንድ የሱፍ ሥራ አለ። ቁመቱም ወርዱም ከአንድ ሜትር በታች ነው። ከዳር እስከ ዳር ጠርዛቸው መንጠቆ ባወጣ የአልማዝ ቅርጾች ተሞልቷል፤ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ አረንጓዴውና ቢጫው እየተፈራረቁ በሰያፍ ይወርዳሉ። ለማያውቀው ሰው ትንሽ ምንጣፍ ይመስላል። ነገሩ ግን የኮሮጆ ፊት ነው። በጭነት ከብት ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ ከሚንጠለጠል መንታ ኮሮጆ አንደኛው ወገን ተቆርጦ የተወሰደ ነው። የኮሮጆው ጀርባ ተራ ሽመና ስለነበር ነጋዴው ቀዶ ጥሎታል። ሁለተኛው ፊት ደግሞ ለብቻው ተሸጦ ሌላ አገር ሄዷል።

ይህን ዓይነቱን ኮሮጆ የሚሠሩት የጃፍ ጎሳ ሴቶች ነበሩ። ጃፎች በብዛታቸው ከሚታወቁት የኩርድ ጎሳዎች አንዱ ናቸው። የብርዱን ወራት ዛሬ በኢራቅ ክልል በሚገኘው የሻራዙር ሜዳና በአካባቢው ያሳልፉ ነበር። ሙቀቱ ሲመጣ መንጋቸውን እየነዱ ወደ ዛግሮስ ተራሮች፣ ወደ ኢራን ወገን ይወጡ ነበር። የአንድ ቤት ዕቃ ሁሉ በከብት ጀርባ በሚጓዝበት ኑሮ ኮሮጆ ጓዳም ሣጥንም ነው። ሴቲቱ ፀጉሩን ከራሷ በግ ሸልታ፣ በእንዝርት ፈትላ፣ ቀለም ነክራ ስትሠራው ለገበያ አስባ አልነበረም። ለቤቷ፣ ለልጇ ጥሎሽ፣ በመንገድም ላይ ቤተሰቧን የሚያስከብር እንዲሆን ነበር።

የኩርድ ጥንታዊ ምንጣፍ የሚሰበስብ ሰው ከዚህ ታሪክ መነሳት አለበት። ኩርዶች በቱርክ፣ በኢራን፣ በኢራቅና በሶርያ ተከፋፍለው የሚኖሩ፣ ቁጥራቸው ከ30 ሚሊዮን በላይ የሚገመት ሕዝብ ናቸው። የራሳቸው መንግሥት ስለሌላቸው የእጅ ሥራቸውም በጎረቤቶቻቸው ስም ወደ ዓለም ገበያ ወጣ። ስለዚህ የሰብሳቢው ሥራ የሚያምረውን መርጦ በመግዛት አያበቃም። ምንጣፉ ከየት እንደመጣና ማን እንደሠራው ከዕቃው ላይ ማንበብን፣ ያነበቡትንም መዝግቦ ማቆየትን ይጠይቃል።

ከጥንታዊው ግንብ ሥር

በኢራቅ ኩርዲስታን፣ በኤርቢል ከተማ መካከል የሚቆመው ጥንታዊ ግንብ እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከግንቡ ሥር ጣሪያ ያለው የቀይሰሪ ገበያ ይገኛል። በመተላለፊያዎቹ የወርቅ፣ የጨርቅ፣ የማርና የአይብ ሱቆች ተደርድረዋል። ሻይ በወገበ ቀጭን ትንሽ ብርጭቆ ይዞ የሚሯሯጥ ልጅ ከሱቅ ሱቅ ሲመላለስ ይታያል።

ባየኋት አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ፀጉራቸው የሸበተ ነጋዴ በተቆለሉ ምንጣፎች ላይ ተቀምጠዋል። ከአውሮፓ ለዕረፍት የመጣች ኩርድ ወጣት አንድ ረጅምና ጠባብ ምንጣፍ ዘርግታ በዓይኗ ትመረምራለች። ቀዩ እንደ ፍም ነው፤ ወዳዋለች።

«ፊቱን ለኋላ ተዪውና መጀመሪያ ገልብጪው፣ ልጄ» አሏት።

ገለበጠችው። ነጋዴው ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ጥፍር የድሩን መስመር ተከተሉ። ከዚያ ነጭ መሐረብ በሻይ ቤቱ ውሃ አርሰው ቀዩን ደጋግመው አሹት። መሐረቡ ሐምራዊ ሆነ።

«ይለቃል ማለት ነው፣ አጎቴ?»

«ይለቃል። እናቴ ብትሆን ይህን አትገዛም።»

ወደ ሌላ ምንጣፍ ተዛወሩ። ይህኛው ፊቱ የደበዘዘ፣ አንድ ጫፉ የተበላ ነበር። ጀርባውን ሲገልጡት ግን ቋጠሮዎቹ አንድ በአንድ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ነጋዴው የምንጣፉን ፀጉር በሁለት ጣታቸው ከፍለው ሥሩን አሳዩዋት። ከጫፉ እስከ ሥሩ ቀለሙ በጥቂቱ እየደመቀ ይሄዳል እንጂ ድንገት አይለወጥም። ዋጋው ላይ ግን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተከራከሩ።

የምንጣፍ ማንነት የሚታወቀው ከጀርባው ነው። ንድፍ ከጎረቤት ይቀዳል፣ በትእዛዝም ይሠራል፤ የእጅ ልማድ ግን እንደ ንድፍ በቀላሉ አይቀዳም። አብዛኞቹ የኩርድ ሸማኔዎች የሚጠቀሙት ቋጠሮ ሁለት የድር ክሮችን እኩል አቅፎ ሁለቱንም ጫፎች በመካከላቸው የሚያወጣውን ነው። በሌላው የቋጠሮ ዓይነት ፈትሉ አንዱን ድር ብቻ ይጠመጥምና ከሁለተኛው ሥር ሾልኮ ያልፋል። ይህን ልዩነት ፀጉሩን ከፍሎ የቋጠሮውን ሥር በአጉሊ መነጽር በመመልከት መለየት ይቻላል።

የጃፎች ኮሮጆ ደግሞ የራሱ ምልክት አለው። በተለመደው አሠራር አንዱ የቋጠሮ ረድፍ ከሥሩ ካለው ጋር በተመሳሳይ ሁለት ድሮች ላይ ይቀመጣል። የጃፍ ሴቶች ግን የአልማዙ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ቋጠሮውን በአንድ ድር ያሸጋግሩታል፤ ግንበኛ የላይኛውን ድንጋይ በታችኞቹ መጋጠሚያ ላይ እንደሚያስቀምጥ ማለት ነው። በዚህ ዘዴ መስመሩ ደረጃ ሳይሠራ ቀጥ ብሎ በሰያፍ ይወርዳል። አልማዙ ጠርዙ የተሳለ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። በፎቶግራፍ ብቻ ተመልክቶ የሚገዛ ሰው ይህን ምልክት በቀላሉ ያልፈዋል።

ቀለሙ ዕድሜውን ሲናገር

የኩርድ ምንጣፍ ወዳጆች መጀመሪያ የሚያነሡት ቀለሙን ነው። የተራራ በጎች ፀጉር ረጅምና አብረቅራቂ ስለሆነ ቀለሙን ሲይዝ ከውስጥ የሚያበራ ይመስላል። ቀዩ ማደር ከተባለው ተክል ሥር ይገኛል። ሥሩ ደርቆ ይፈጫል፤ ፀጉሩም ቀለሙን አጥብቆ እንዲይዝ በቅድሚያ አሉም በተባለው ማዕድን ይዘፈዘፋል። ሰማያዊው ከኢንዲጎ ይመጣል፤ ቢጫው ከሜዳ አበቦች። አረንጓዴ ለማግኘት ቢጫውና ሰማያዊው በየተራ ይነከራሉ። ቡናማውና ጥቁሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዋልነት ልጣጭ ወይም ከብረት ጋር ከተቀላቀለ ቀለም ነው።

ብረት ያለበት ጥቁር ቀለም ዕድሜ የሚናገር ጠባይ አለው። ብረቱ ከጊዜ ጋር ፀጉሩን እየበላ ያሳጥረዋል። በአሮጌ ምንጣፍ ላይ በመዳፍ ቢዳሰስ የጥቁሩ ቦታ ጎድጎድ ብሎ፣ በዙሪያው ያለው ቀይና ሰማያዊ ከፍ ብሎ ይገኛል። አንዳንድ ቦታ ጥቁሩ ከነጭራሹ አልቆ ድሩ ይታያል። ይህን በመቀስ አስመስሎ መሥራት ይቻላል፤ የተቆረጠ ፀጉር ግን ጫፉ አንድ ወጥ ስለሆነ አስተዋይ ጣት ይለየዋል።

ሌላው ምልክት አንዱ ቀለም በመስመር በመስመር መለዋወጡ ነው። ሴቲቱ የነከረችው ፈትል ሲያልቅ ሌላ ትነክራለች፤ ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አይመጣም። ሰማያዊው ሜዳ ላይ አንዱ መስመር ጠቆር፣ ቀጣዩ ፈዘዝ ይላል። የኩርድ ሸማኔዎች ይህን ለመደበቅ አልተጨነቁም። እንዲያውም ብዙ ሥራዎች ላይ ልዩነቱ ሆን ተብሎ የገባ እስኪመስል ድረስ ለሜዳው ሕይወት ሰጥቶታል።

በ1856 እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፐርኪን የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ቀለም አገኘ። ብዙም ሳይቆይ ፉክሲን የተባለው ደማቅ ቀይ ሐምራዊ ቀለም ተከተለ። እነዚህ ቀለሞች ርካሽና ፈጣን ስለነበሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ ሩቅ መንደሮች ዘለቁ። ግን ፀሐይ ሲያገኛቸው ይገረጣሉ፣ ውሃ ሲነካቸው ይለቃሉ። የኢራን የቃጃር መንግሥት ንግዱ እንዳይበላሽበት ቀለሞቹን ለመከልከል ሞክሮ ነበር፤ አልተሳካለትም። ሰብሳቢዎች በ1850ዎቹና በ1880ዎቹ መካከል የተሠራን ምንጣፍ ከኋለኛው ለመለየት ቀለሙን አጥብቀው የሚመረምሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም አንድ ሰው ሠራሽ ቀለም ስላለበት ብቻ ምንጣፉን መናቅ አይገባም። አንዲት የገጠር ሴት ከገበያ ያመጣችውን እፍኝ ሐምራዊ ፈትል ከራሷ ማደር ጎን ስትሰካው ዘመኗን መዝግባለች።

ሰነንደጅና ቢጃር

የኩርድ ምንጣፍ የጎሳ ብቻ አይደለም። በኢራን ኩርዲስታን ሁለት ከተሞች በዓለም ገበያ ትልቅ ስም አትርፈዋል፤ አሠራራቸው ግን ፈጽሞ ተቃራኒ ነው።

ሰነንደጅ፣ በምንጣፍ ንግዱ ሴኔ እየተባለች የምትጠራው፣ እስከ 1860ዎቹ የቆየው የአርደላን ኩርድ መሳፍንት መቀመጫ ነበረች። የቤተ መንግሥት ጣዕም ያደገበት ከተማ ስለሆነ ምንጣፏ ቀጭንና ረቂቅ ነው። በቋጠሮ ረድፎች መካከል አንድ ማግ ብቻ ይገባል፤ በዚህም የተነሣ ጀርባው ሲዳሰስ ይሻክራል። በምርጦቹ ሥራዎች ላይ ድሩ ሐር ነው፤ አልፎ አልፎም ሐሩ በተለያየ ቀለም ተነክሮ ጫፉ ላይ በመስመር ይታያል። ሜዳው ማሂ፣ ማለትም ዓሣ፣ በሚባለው የአበባና የጎበጠ ቅጠል ንድፍ ይሞላል። ቋጠሮ የሌለው የሴኔ ኪሊምም በረቂቅነቱ ከምንጣፉ አያንስም።

ቢጃር ደግሞ የኢራን የብረት ምንጣፍ እየተባለ ይወደሳል። እያንዳንዱ ቋጠሮ ከሚያቅፋቸው ሁለት ድሮች አንዱ ወደ ኋላ ይገፋል። በረድፎቹ መካከል ሁለት ሦስት ማግ ይገባና እርጥብ እንዳለ በከባድ የብረት ማበጠሪያ ይመታል። ሱፉ ሲደርቅ ተጨምቆ ይጠነክራል። እንዲህ ያለውን ምንጣፍ ማጠፍ ድሩን ይሰብረዋል፤ ይጠቀለላል እንጂ አይታጠፍም። ቢጃር በዋጊሬም ትታወቃለች። ዋጊሬ ሸማኔዋ የክፈፉንና የሜዳውን ንድፍ በከፊል የምትሠራበት ትንሽ የናሙና ምንጣፍ ነው። ለሥራ መመሪያ የተዘጋጀው ናሙና ዛሬ ሰብሳቢ ከሚመኛቸው አንዱ ሆኗል። ከተማዋ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የውጭ ጦር ሲፈራረቅባትና ረሃብ ሲከተል ክፉኛ ተጎዳች፤ ሽመናዋም አብሮ ወደቀ። ከዚያ በፊት የተሠሩት ትልልቅ ምንጣፎች ተፈላጊ የሆኑት ከዚህም የተነሣ ነው።

ከዚህ በጣም ርቆ በምሥራቅ ኢራን፣ በኮራሳን፣ ሌላ የኩርድ ሽመና አለ። ከ1588 እስከ 1629 የነገሠው ሻህ አባስ የኡዝቤኮችን ወረራ እንዲመክቱ ብዙ ኩርዶችን ወደዚያ ድንበር አስፍሯል። ዘሮቻቸው በቁቻንና በቦጅኑርድ አካባቢ ይኖራሉ። ምንጣፋቸው ከቱርክሜን ጎረቤቶቻቸው ብዙ ቅርጽ ተውሷል፤ የቀለም ድፍረቱ ግን አሁንም የኩርድ ነው።

የከተማውንና የጎሳውን ዓለም በሕይወቷ ያገናኘች አንዲት ሴት ነበረች። አደላ ኻኑም በሰነንደጅ ከታላላቅ ቤተሰብ ተወልዳ የጃፎቹን መሪ ኦስማን ፓሻን አገባችና ወደ ሐለብጃ ሄደች። ሐለብጃ ያኔ ትንሽ ከተማ ነበረች። አደላ ያደገችበትን የሰነንደጅን ወግ ይዛ ገባች፤ ገበያ አሠራች፤ ባሏ ሲያርፍም እስከ ሞተችበት እስከ 1924 ድረስ የአካባቢው እመቤት ሆና ቆየች። እንግሊዛዊው ተጓዥ ኢ. ቢ. ሶን በ1912 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ እርሷ ጽፏል። የጃፍን ኮሮጆና የሴኔን ምንጣፍ እንደ ሁለት የማይገናኙ ዓለማት ለሚቆጥር ሰብሳቢ የእርሷ ታሪክ ጥሩ ማስተካከያ ነው።

በሌላ ስም

የምንጣፍ ንግድ ዕቃውን የሚሰይመው በተሸጠበት ከተማ ነው። ከኩርድ መንደሮችና ከኢራኗ ሐመዳን ዙሪያ የመጡ የሱፍ ምንጣፎች በምዕራቡ ዓለም ሱቆች ለብዙ አሥርት ዓመታት «ሞሱል» እየተባሉ ተሸጡ። ከምሥራቅ አናቶልያ የመጡት «ዩሩክ» የሚል የዘላኖች ስም ተለጠፈባቸው። ነጠላውን ድር የሚጠመጥመው ቋጠሮ እንኳ በንግዱ «የሴኔ ቋጠሮ» ይባላል፤ የሴኔ ሴቶች ግን ሲቋጥሩ የኖሩት ሁለት ድር የሚያቅፈውን ነው። ካታሎግ ላይ ኩርድ የሚለው ቃል የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ የሚሰጠው ስም የጠፋለት ሸካራ ሥራ ሲገኝ ነበር።

ይህን ያስተካከሉት በአብዛኛው ሰብሳቢዎች ናቸው። ዊልያም ኢግልተን አሜሪካዊ ዲፕሎማት ነበር። በ1946 በመሃባድ ታውጃ አንድ ዓመት እንኳ ሳትሞላ ስለፈረሰችው የኩርድ ሪፐብሊክ በ1963 መጽሐፍ አሳተመ። በ1988 ደግሞ የኩርድ ምንጣፎችንና ሌሎች የሽመና ሥራዎችን የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ አወጣ። መሃባድ የቀድሞ ስሟ ሳውጅ ቡላቅ ሲሆን በዚያ ስም የሚጠሩት ምንጣፎች በጥልቅ ቀለማቸው ዛሬ ከፍ ያለ ቦታ አላቸው። ኢግልተን ምንጣፎቹን በጎሳና በቦታ ለይቶ ለማስቀመጥ ሞከረ። በ2002 አሜሪካዊው ሰብሳቢ ጄምስ በርንስ የኩርዲስታንን ጥንታዊ ምንጣፎች የያዘ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ከእነዚህ ሥራዎች በኋላ «ሞሱል» ብሎ ማለፍ ስንፍና ሆነ።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ኩርዶች ከአርመኖች፣ ከአዘርባጃኖች፣ ከአሦራውያንና ከሉሮች ጋር ጎን ለጎን ኖረዋል፤ ተገባብዘዋል፣ አንዱ ከሌላው ተምሯል። አንድን ምንጣፍ በእርግጠኝነት ለአንዱ ሕዝብ መስጠት የማይቻልበት ጊዜ አለ። እንዲህ ሲሆን «ምናልባት» ብሎ መጻፍ ሥራውን አያሳንሰውም። የአንዱን ስም ለመመለስ ብሎ የሌላውን መውሰድ ያንኑ በደል መድገም ነው።

ስሙን የመመዝገብ ጉዳይ የጣዕም ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ 1988 አሳይቷል። በዚያ ዓመት የሳዳም ሁሴን መንግሥት አንፋል ብሎ በሰየመው ዘመቻ ቢያንስ 50 ሺህ ሰው ተገደለ፤ በኢራቅ ኩርዲስታን በሺዎች የሚቆጠሩ መንደሮች በእነዚያ ዓመታት ከምድር ጠፉ። የአደላ ኻኑም ከተማ ሐለብጃ መጋቢት ወር ላይ በመርዝ ጋዝ ተመታች፤ 5 ሺህ ያህል ሰው በአንድ ቀን አለቀ። መንደር ሲጠፋ የሽመና ዕቃው ይቃጠላል፣ በጎቹ ያልቃሉ፣ ከአያት ለልጅ ልጅ የሚተላለፈው ሙያም ይቋረጣል። የተረፈው ሰው በከተማ ዳር ሰፈረ፤ የፋብሪካ ምንጣፍ ዘረጋ። በ2004 በኤርቢል ግንብ ውስጥ በአንድ ጥንታዊ ቤት የተከፈተው የኩርድ የሽመና ሙዚየም ኪሊሞችን፣ ኮሮጆዎችን፣ የልጅ አንቀልባና የፈረስ ጌጥ ሳይቀር ሰብስቦ ያሳያል። ለተወለዱበት መንደር መመለስ ላልቻሉ ቤተሰቦች ልጆች የአያቶቻቸው እጅ ሥራ በራሱ ስም ተጽፎ የሚገኝበት ቦታ ነው።

ለሚገዛ ሰው

መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ብዙ ይዳስስ። ሙዚየም ይሂድ፤ ሐቀኛ ነጋዴ ሱቅ ተቀምጦ እየገለበጠ ይይ። ትንሽ የኮሮጆ ፊት ከትልቅ ምንጣፍ ይልቅ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ዋጋውም ይቀላል፣ አሠራሩም ሁሉ በአንድ ክንድ ስፋት ውስጥ ይገኛል።

ሲመርጥ መሠረቱን ያስቀድም። የበሰበሰ ድር ቀስ ብሎ ሲታጠፍ የመሰንጠቅ ድምፅ ያሰማል፤ እንዲህ ያለውን ጥገና አያድነውም። በቀለም እስክሪብቶ የተሸፈነ የተላጨ ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ይጋለጣል። አሮጌ እንዲመስል በኬሚካል የታጠበ ምንጣፍ ፀጉሩ ሕይወት አልባ ይሆናል፤ ቀለሞቹም ሁሉም ወደ አንድ ቡናማ ያደላሉ። የተበላ ጫፍና በሥርዓት የተሠራ አሮጌ ጥገና ግን ነውር አይደለም። ምንጣፉ አገልግሏል ማለት ነው።

ሕጉንም ይወቅ። አሜሪካ የኢራን ምንጣፍ እንዳይገባ በ1987 ከለከለች፤ በ2000 ፈቀደች፤ በ2010 እንደገና ዘጋች፤ በ2016 ከፍታ በ2018 መልሳ ዘጋች። ቱርክም ጥንታዊ ቅርስ ከአገር እንዲወጣ አትፈቅድም። ሻጩ «ችግር የለም» ስላለ ብቻ ማመን አይበቃም። ምንጣፉ ከማን ቤት፣ እንዴት ባለ ሁኔታ ወጣ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ስደት በመጣ ቁጥር ከቤት ቀድሞ የሚሸጠው በጀርባ ሊሸከሙት የሚችሉት ነገር ነውና።

ቤት ሲገባ ዋናው ጠላት ብል ነው። ብል ጨለማና ያልተነካ ቦታ ይወዳል፤ ከሶፋ ሥር የሚያድር ምንጣፍ በየጊዜው ተነሥቶ ፊቱም ጀርባውም ይጠረግ። ቀጥተኛ ፀሐይ አያግኘው። ሲቀመጥ ይጠቀለል፣ አየር በሚያስተላልፍ ጨርቅም ይሸፈን፤ ፕላስቲክ እርጥበት ያፍናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማሳስበው አንድ ነገር አለ። ከምንጣፉ ጀርባ ማዕዘን ላይ ትንሽ የጥጥ ጨርቅ በስስ ክር ይሰፋ። በእርሱም ላይ በማይለቅ ቀለም የተገዛበት ቦታና ዓመት፣ ሻጩ ስለ ምንጭ የተናገረው፣ የቋጠሮው ዓይነት፣ የተደረገለት ጥገና፣ የሠሪው ጎሳ ወይም ከተማ ይጻፍ፤ የተጠረጠረውም «ምናልባት» ተብሎ ይግባ። ሰብሳቢው ሲያልፍ ልጆቹ ምንጣፉን ለጨረታ ሊያወጡት ይችላሉ፤ ጨርቁ ካልተሰፋ እንደገና ስም የለሽ ሆኖ ይሄዳል። መዝገብ ያልያዘ ሰው ዕቃ አከማችቷል እንጂ አልሰበሰበም። የኩርድ ሴቶች ሥራቸውን በራሳቸው ስም ፈርመው አልሸጡም፤ ገበያውም አልጠየቃቸውም። ዛሬ የሚገዛ ሰው ግን መጠየቅ ይችላል፤ ያገኘውን መልስ መጻፍም ከግዢው ጋር የተቀበለው ግዴታ ነው።